በሁለቱ ጆርጆች መካከል

የጋሽ ሀጎስን ቁጣ የማያውቅ ሰው ጌጃ ሰፈር ውስጥ ከተገኘ፣ ወይ ትናንት የተወለደ ነው ወይ ዛሬ የተከራየ። ክፉ ሰው ናቸው ለማለት አይደለም፤ ኧረ በፍጹም! ክፉ ቢሆኑማ ሰው አንዴ ሸሽቷቸው ይገላገል ነበር። እሳቸው ጠዋት ተቆጥተው ያባረሩትን ሰው ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኙት "ምነው ጠፋህ?" ብለው ደግመው የሚቆጡ ናቸው። በዚያ ላይ የተቸገረ ሰው በራቸውን አንኳኩቶ ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም። እየተሰደበም ቢሆን የመጣበትን ይዞ ይሄዳል።

ሰፈሩ ከቁጣቸው አብልጦ የሚሸሸው ሳንቲማቸውን ነው። የእንግሊዝ ሳንቲም! ጋሽ ሀጎስ ማኑ ፀጉር ቤት ገብተው፣ ፎጣው አንገታቸው ላይ እንደተጠመጠመ "እንግሊዞች ድሮ…" ብለው ከጀመሩ፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ድንገት ጉዳይ ይበዛበታል። አንዱ ስልክ ይደወልለታል፣ ሌላው ምድጃ ላይ የጣደው ነገር ትዝ ይለዋል። ማኑ ብቻ መቀሱን ይዞ የት ይግባ? "እኛ ሃምሳ ሳንቲሟን ሽልንግ ስንል የኖርነው ከማን ተምረን መሰለህ?" ይሉታል። ሽልንግ አስራ ሁለት ፔኒ ነው፣ ሃያ ሽልንግ አንድ ፓውንድ ነው፣ አንዷ ፔኒ ደግሞ አራት ፋርዚንግ ትመነዘራለች። ይህን ከጌጃ ሰፈር እስከ ሜክሲኮ ካለው ፀጉር አስተካካይ ሁሉ ማኑ ብቻ ያውቀዋል፤ ያውም ሳይወድ በግዱ።

ነገሩ የጀመረው በወጣትነታቸው ነው። ጋሽ ሀጎስ የነሐስ ሠራተኛ ነበሩ። ያኔ የቀጠራቸው ሰው ያረጀ ብረታ ብረት በኩንታል እየገዛ፣ እያቀለጠ፣ የበር እጀታና ቃጭል፣ ለቤተ ክርስቲያንም ጸናጽል ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ሹፌሮች ከአሰብ በኩል ይዘውት የመጡ ጆንያ ሲፈታ ውስጡ ሳንቲም ሆኖ ተገኘ። ወጣቱ ሀጎስ በአካፋ እየዛቀ ወደ እሳቱ ሲጨምር፣ አንዷ ተንሸራትታ እግሩ ሥር ወደቀች። አነሳት። የራስ ቁር የደፋች ሴት፣ ጋሻዋን ጎኗ አስደግፋ፣ ሦስት ጥርስ ያለው ጦር ይዛ ተቀምጣለች። "ይህቺ ሴትዮ እሳት አትገባም" አለ። አሠሪው ከት ብሎ ሳቀና "አንተ፣ ሚስት ካማረህ ከሰው ፈልግ!" አለው። ፔኒዋን ግን ተወለት።

ከዚያ ወዲህ የቀረ ነገር የለም። ምናለሽ ተራን ፈትሸዋል፣ ከሹፌር ለምነዋል፣ ከቱሪስት ጋር በምልክት ተከራክረዋል። ለሳንቲሞቹም ሰፊ የእንጨት ሳጥን ሠርተው፣ ውስጡን ቀይ ከፋይ አልብሰው፣ ለእያንዳንዷ በልኳ ጎድጓዳ ቦታ አበጁላት። አንድ ነገር ብቻ ለማንም ተናግረው አያውቁም። የድሮ ሳንቲም አይታጠብም፣ አይፈገፈግም። ጥቁረቱ እድፍ አይደለም፤ ወዙ ነው፣ ዕድሜው ነው። ይህን ያልተናገሩት ሊደብቁት ፈልገው አይደለም። እንኳን ሊያጥበው፣ ሊያየውም የሚፈልግ ሰው ይመጣል ብለው አስበው ስለማያውቁ ነው።

ባለቤታቸው ለተ ሚካኤል ካረፉ አራት ዓመት ሆነ። እሳቸው ሲቆጡ "አይዞህ፣ ይወጣልሃል" እያሉ የሚስቁ ሴት ነበሩ። ቁጣውን የሚስቅበት ሰው ሲሄድ፣ ጋሽ ሀጎስ በባዶ ቤት ውስጥ በማን ይቆጡ? ዝም አሉ። እንዲህ ዝም ያለ ቤት ደግሞ ለጠላትም አይመኙት። ታዲያ ልጃቸው ሔኖክ ባለፈው ጥር አግብቶ፣ ሙሽራውን ይዞ እዚያው ከአባቱ ጋር ሲገባ፣ ሽማግሌው በደስታ የሚሆኑትን አጡ። ሙሽራዋ ኢሊሊ ትባላለች፤ ሜክሲኮ አጠገብ መነጽር ቤት የምትሠራ፣ ቀልጣፋ፣ ጥርሰ ፍንጭት ልጅ ናት። ገና በገባች በሳምንቱ ወደዷት።

ታዲያ የወደዱትን ሰው የሚይዙበትን መላ ማን ይንገራቸው! ጉጠታቸውን ከቦታው አንስታ ብታስቀምጠው ጮኹ። የውጭ በሩን በላይኛው ፋንታ በታችኛው መቀርቀሪያ ብትዘጋ ጮኹ። ሽሮው ላይ ጨው ትንሽ ከበድ ቢል እንዲህ ጮኹ፦ "ባሕር ነው እንዴ የቀዳሽልኝ?" ይህን አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤታቸው ማዕዛ ሁሉ ሰማችው። ኢሊሊ አትመልስም። ቀስ እያለ ሳቋ ቀነሰ፣ ከዚያ ወሬዋ ቀነሰ፣ በመጨረሻ ከሥራ ስትመለስ ሰላምታ ሰጥታ ወደ ክፍሏ መግባት አመጣች።

አንድ ማታ ደግሞ ሔኖክ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ መሬት መሬት እያየ "አባዬ፣ ጀሞ ሁለት ክፍል ቤት አግኝተናል" አላቸው። "አከራዩ እስከ ነገ ማታ ቁርጡን ንገሩኝ ብሏል። ሳንቀያየም ብንወጣ ይሻላል ብዬ ነው።"

ጋሽ ሀጎስ ልባቸው ስንጥቅ አለ። አፋቸው ግን "እንደፈለጋችሁ!" ብሎ ተቆጣ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። አትሂዱ ማለት ፈልገው እንደፈለጋችሁ ያሉት ለምንድን ነው? እሳቸውም አያውቁትም። ይቺን ልጅ ማጣት አይፈልጉም፤ ያንን ጭር ያለ ቤት እንደገና ማየት አይፈልጉም፤ ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም።

በማግስቱ የልደታ ዋዜማ ነበር። ነገ ግንቦት አንድ፣ ሰፈሩ ተሰብስቦ ደጅ ላይ ንፍሮውን የሚቀምስበት ቀን ስለሆነ፣ ከጠዋቱ ጀምሮ ቤት የማይጠርግ፣ ዕቃ የማይፈገፍግ ሰው አልነበረም። ጋሽ ሀጎስ ጃኬታቸውን ደርበው ሲወጡ ማዕዛ በራቸው ላይ መጥረጊያዋን ተደግፋ ጠበቀቻቸው። ማዕዛ የለተ ሚካኤል የቅርብ ወዳጅ ስለነበረች እንደ ሌላው አትፈራቸውም።

"አንተ ሰውዬ፣ ልጆቹ ሊሄዱ ነው አሉ?"

"ማን ነገረሽ?"

"አንተው ነህ የነገርከኝ። አጥር እኮ ጆሮ አይደፍንም። ስማ ሀጎስ፣ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ዛሬ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ አፍህን ብትይዝ ምን ትሆናለህ?"

"ዛሬማ ሰማይ ቢደፋ አልቆጣም!" አሉ ጋሽ ሀጎስ፣ በቁጣ።

ማዕዛ ሳቀች። እሳቸው ግን ከልባቸው ነበር። ልደታ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው፣ በየዓመቱ እንደሚያደርጉት የተጣመመውን ጸናጽል እያቃኑ፣ የላላውን እያጠበቁ፣ እስኪያብለጨልጭ እየወለወሉ ሲውሉ፣ በሆዳቸው ያንኑ ይደጋግሙ ነበር። አልቆጣም። ማታ ሔኖክ ሲመጣ አስቀምጬው "ልጄ፣ ቅሩ" እለዋለሁ። እንዴት ያቅተኛል? ሁለት ፊደል እኮ ነው።

አስር ሰዓት ሲሆን ቤት ገቡ። በሩን ሲከፍቱ የሎሚ ሽታ ተቀበላቸው። ሳሎኑ ቦግ ብሏል። የነሐስ ሙቀጫው፣ የሻማ ማቆሚያው፣ ግድግዳው ላይ የሰቀሉት ቃጭል፣ በእጃቸው የሠሩት ትሪ፣ ሁሉም ያበራል። ኢሊሊ እጅጌዋን ሰብስባ፣ እጇ እስከ ክርኗ አመድ መስሎ፣ መሀል ቤት ቆማ ፈገግ ብላለች። ስንት ጊዜ ሆነው ይሄን ፍንጭት ካዩት! ደስ አላቸው።

"አባባ፣ እንኳን አደረሰዎት! ዛሬ ፈቃድ ወስጄ ቤቱን ሳሰማምር ዋልኩ። አንድ ነገር ደግሞ ላሳይዎት፤ ይምጡ።"

ወደ ጠረጴዛው ወሰደቻቸው። ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል። በጨርቁ ላይ ሳንቲሞቻቸው ተደርድረዋል። ፔኒዎቹ ገና ከሱቅ እንደ ወጣ የመዳብ ድስት ቀልተዋል። ፋርዚንጎቹ ይንቦገቦጋሉ። ጎን ላይ ደግሞ አንድ ሳህን አመድና ተጨምቆ ያለቀ የሎሚ ልጣጭ አለ።

ጋሽ ሀጎስ ጮኹ።

"ምን አደረግሽ? ምን አደረግሽኝ አንቺ ልጅ! ማን ንኪ አለሽ? መቶ ዓመት የለበሰውን ወዝ በአንድ ሎሚ? በአመድ? ስንት ዘመን የለቀምኩትን! እኔ እንኳ በጨርቅ ያልነካሁትን! እንዲህ ዓይነት ሰው ከዚህ ቤት…"

እዚህ ላይ ቀሪውን ዋጡት። ግን ምን ዋጋ አለው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የኢሊሊ ፈገግታ እዚያው ደረቀ። እጇን አየች፣ ሳንቲሞቹን አየች፣ እሳቸውን አላየችም። "ይቅርታ፣ አላወቅኩም ነበር" አለች። ድምፅዋ አይሰማም ማለት ይቻላል። ወጥታ እጇን ታጠበች፣ ተመልሳ ወደ ክፍሏ ገባች፣ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው። በሩን ብታላትመው ምናለ! ትንሽ ቆይቶ የሻንጣ ዚፕ ሲከፈት ተሰማ።

ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። ሰማይ ቢደፋ ብለው አልነበር? ሰማይ መች ተደፋ፣ አንድ ሎሚ ተጨመቀ እንጂ። አንዷን ፋርዚንግ አነሱ። ከሁሉ ያነሰችው፣ የፔኒ ሩብ፣ ጀርባዋ ላይ ጭራዋን ቀጥ ያደረገች ሚጢጢ ወፍ ያለባት ናት። ወዟ የለም። እንደ አዲስ ቁልፍ ታበራለች። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ለሳንቲሟ ነው ወይስ ለዚያ ዚፕ፣ እንጃ፣ ለሁለቱም ይመስለኛል።

ቀና ሲሉ ያ ሁሉ የሚያበራ ነሐስ ፊታቸው ላይ ተገተረ። አርባ ዓመት በገዛ እጃቸው እየወለወሉ ያበሩት ዕቃ። በየበዓሉ ዋዜማ አመድና ሎሚ አቅርበው፣ ሙቀጫውን ጭናቸው ላይ አድርገው "ያልጠራ ነሐስ ያልታጠበ ፊት ነው" የሚሉት ማን ሆኑና? ለፋሲካ ሲፈገፍጉ ይቺው ልጅ አጠገባቸው ተቀምጣ ሎሚ ስትቆርጥላቸው አልነበር? እንዲህ ያለ ቤት የገባች ልጅ፣ ጥቁረቱ የሚወደድለት ነገር እዚህ አለ ብላ ከየት ታምጣው! ደስ ላሰኛቸው ብላ፣ እሳቸው የሚወዱትን ነገር እሳቸው በሚወዱት መንገድ አከበረችላቸው። አፈሩ። ጆሯቸው ድረስ ጋላቸው።

እንግዲህ ወደ ሳጥኑ ልመልሳቸው ብለው ጎንበስ ሲሉ ነው አደራደሩ ያስገረማቸው። እሳቸው በሳጥኑ ውስጥ የሚያኖሩት በዋጋ ነበር፤ ፋርዚንግ ከፋርዚንግ፣ ሽልንግ ከሽልንግ። ኢሊሊ ግን በሰው ነው የደረደረችው። በመጀመሪያው ረድፍ ሻሽ የተከናነበችው አሮጊት ንግሥት ቪክቶሪያ፣ ቀጥሎ ራሰ በራው ኤድዋርድ፣ ቀጥሎ ጢማሙ አምስተኛው ጆርጅ። ከዚያ ወዲያ ጢም የሌለው ስድስተኛው ጆርጅ፣ ኤልሳቤጥ፣ በመጨረሻም ባለፈው ዓመት አንድ የታክሲ ሹፌር ከእንግዳ ተቀብሎ ያመጣላቸው የቻርልስ ሃምሳ ፔንስ። ሁሉም ተራቸውን ጠብቀዋል። በሁለቱ ጆርጆች መካከል ግን አንድ ሙሉ ረድፍ የሚያህል ባዶ ቦታ ተትቷል።

ጋሽ ሀጎስ ያንን ባዶ ቦታ አተኩረው አዩት። ከዚያ ተነስተው በሩን አንኳኩ።

"ኢሊሊ።"

"አቤት።" ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

"እዚህ ጋ ያለው ክፍት ቦታ ምንድን ነው?"

ልጅቷ ደነገጠች። "አልጠፋም አባባ! ማርያምን፣ አንድም አልጠፋም! ሳወጣም ሳጥብም እያየሁ ነው፣ ይቁጠሯቸው።"

"አይ፣ አይ፣ አልቆጣሁም! ጠፋ አላልኩም። ለምን ተውሽው ነው የምልሽ። ማን ነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝም።" በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች። "ስፈገፍጋቸው እኮ ፊታቸውን ማየቴ አልቀረም። ቪክቶሪያ ወደ ግራ ታያለች። ራሰ በራው ወደ ቀኝ። ጢማሙ ወደ ግራ። እንዲህ እየተፈራረቁ ነው የሚሄዱት። እነዚህ ሁለቱ ግን ተከታትለው ሁለቱም ወደ ግራ ያያሉ። ከዚያ ኤልሳቤጥ ቀኝ፣ ቻርልስ ግራ፣ እንደገና ይስተካከላል። እና… እዚህ መሀል አንድ ወደ ቀኝ የሚያይ ሰው ጎድሏል ብዬ፣ ሲያገኙት የሚያስቀምጡበት ቦታ ተውኩለት። ተሳሳትኩ?"

ወይ ጉድ! ጋሽ ሀጎስ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ስንት ዓመት ሙሉ ለስንቱ ሰው አወሩ! ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ "ለምን?" ያላቸው አልነበረም። ማኑ እንኳ "እሺ ጋሽዬ" ነው የሚላቸው። ይቺ ልጅ ግን ማንም ሳያወራላት፣ በአመድና በሎሚ፣ ፊታቸውን አንድ በአንድ እያየች እዚህ ደረሰች።

"አልተሳሳትሽም" አሉ። "አንድ ንጉሥ ጎድሏል። ቁጭ በይ።"

ተቀመጠች፤ ከወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ለመነሳት እንደተዘጋጀ ሰው።

"ልማዳቸው ነው። አዲስ ንጉሥ ሲነግሥ ሳንቲሙ ላይ ከቀደመው በተቃራኒ ይዞራል። ሕግ አይደለም፣ እንዲሁ ልማድ ነው፤ ግን ከስንት መቶ ዓመት ወዲህ ጠብቀውታል። እና ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት ዓመት ስምንተኛው ኤድዋርድ የሚባል ነገሠ። የጢማሙ ልጅ ነው። ተራው ወደ ቀኝ ነበር። እሱ ግን አሻፈረኝ አለ።"

"ለምን?"

ለምን! ጋሽ ሀጎስ ይህን ቃል ሲሰሙ እንደ ልጅ ደስ አላቸው። "በግራ በኩል ነው የማምረው ብሎ!"

ኢሊሊ ሳታስበው ፈገግ አለች። "ንጉሥም ሰልፊ ይመርጣል?"

"ይመርጣል እንጂ! ሠራተኞቹ ቅርጹን እያዘጋጁ፣ ሙከራውን እየመቱ ሳለ ግን ዘውዱን ጥሎት ሄደ። አንዲት ሴት ወደደ። ሁለት ጊዜ ባል የፈታች ናትና አትሆንም አሉት። ካልሆነችማ ዙፋኑም ይቅርብኝ ብሎ ወጣ። ዓመትም አልሞላው። ስለዚህ የእሱ ሳንቲም ለገበያ አልወጣም። እኔም የለኝም፣ ማንም የለውም ማለት ይቻላል።"

"ከዚያ ወንድሙ ነገሠ? ይሄ ጢም የሌለው?"

"ወንድሙ ነገሠ። ወደ የት ይዙር? ከአባቱ በተቃራኒ ቢሆን ወደ ቀኝ ነበር። እሱ ግን ወንድሜ ወደ ቀኝ ዞሮ ነበር ብለን እንቁጠርለት ብሎ ወደ ግራ ዞረ። ቦታውን ጠበቀለት።"

ኢሊሊ ባዶውን ጨርቅ በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው። "ጥሎት የሄደውን ሰው እንደኖረ ቆጠረው ማለት ነው?"

"ወንድሙ ነዋ።"

ውጪ የማዕዛ መጥረጊያ ይሰማል። ጋሽ ሀጎስ ወደ እሷ ዞሩ። ይሄ ነገር ከነሐስ ማቅለጥ ይከብዳል።

"ኢሊሊ፣ ቅድም የተናገርኩት ነገር… ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳልነግርሽ ከየት ታውቂዋለሽ? ለሰው ሁሉ ስለ ሳንቲም አወራለሁ፣ አንቺን ግን ለአንድ ቀን አስቀምጬ አላወራሁሽም። ስጮህብሽ ብቻ ነው የከረምኩት። ይቅር በይኝ ልጄ።"

ልጅቷ ጎንበስ አለች፤ እንባዋ ጨርቁ ላይ ጠብ አለ። "እኔም እኮ ይጠሉኛል ብዬ ነው" አለች። "ምን ባደርግ ይወዱኛል እያልኩ ነው የከረምኩት።"

"እኔ? አንቺን?" አሉ፣ ሊቆጡ ምንም ሳይቀራቸው። "ኧረ እግዚኦ!"

ያን ጊዜ ሁለቱም ሳቁ። ኢሊሊ ወንበሩ ላይ ገባ ብላ ተቀመጠች። "ጥቁረቱ ግን አይመለስም?" ብላ ጠየቀች።

"ይመለሳል። አየሩ ራሱ ያጠቁረዋል። ሃምሳ ዓመት ቢፈጅ ነው።"

"እንግዲህ እንጠብቀዋለና።"

እንጠብቀዋለን! ጋሽ ሀጎስ ይህን ሰሙ፤ ትርጉሙን ልጠይቃት ብለው ግን ፈሩ። በዚህ ፈንታ ባለ አስራ ሁለት ማዕዘኑን ብጫ ሳንቲም አንስተው አቀበሏት። ሦስት ፔኒ የምታወጣ፣ ወፍራም፣ ኪስ ውስጥ በዳሰሳ የምትለይ ናት። "ይቺን ያቀዷት በዚያ ጎዶሎ ንጉሥ ጊዜ ነው" አሏት። ከዚያ ስድስት ፔኒውን አሳዩዋት። ከዚያ ሁለት ሽልንግ የሚያወጣውን ፍሎሪን፣ ከዚያ ግማሽ ክራውን፣ ከዚያ አምስት ሽልንጉን ትልቁን ክራውን። ክራውኑን መዳፏ ላይ ሲያኖሩት "ይሄማ ጠገራ ብር ያህላል!" አለች። እሳቸው መልሱን ሳይጨርሱ እሷ ትጠይቃለች፣ እሷ ጥያቄውን ሳትጨርስ እሳቸው ይመልሳሉ። ለምን አስራ ሁለት? አስር አይሻልም ነበር? ይሻል ነበር እንጂ! በአስር መቁጠር አምሯቸው ፍሎሪንን የፓውንድ አስረኛ አድርገው አወጡ፤ ከዚያ ፈርተው መቶ ሃያ ዓመት ቆዩ። እኛ ብርን በመቶ ስንመነዝር እነሱ ገና በአስራ ሁለት ይንገላቱ ነበር። በመጨረሻ በ1963፣ በአንድ የየካቲት ሰኞ ተነስተው ሽልንጉን ሽረው፣ ፓውንዱን መቶ ፔንስ አደረጉት።

"አሮጊቶቹስ? ግራ አልገባቸውም?"

"አሮጊቶቹ? አለቀሱ እንጂ! በአዲሱ ሒሳብ ባለሱቅ ያታልለናል ብለው። እኛስ ብሩ ሲቀየር እንዴት ሆንን?" አሉና ተያይተው ሳቁ። "ጊኒ የሚባል ደግሞ ነበራቸው፤ ወርቅ ነው። ሃያ አንድ ሽልንግ። ስሙ ከየት የመጣ ይመስልሻል? ወርቁ ከተቆፈረበት አገር። ከአፍሪካ።"

"ጊኒ! ታዲያ የታለ?"

"ወይ አንቺ ልጅ! ጊኒ ቢኖረኝ ጌጃ ሰፈር እቀመጣለሁ?"

በዚህ ሳቅ መሀል ነው ሔኖክ የገባው። ከቢሮ ሲመጣ ማዕዛ በራፍ ላይ ይዛው የቅድሙን ጩኸት ሁሉ ነግራዋለች፤ ፊቱ ገርጥቶ፣ ጠብ ሊገላግል ተዘጋጅቶ ነው የገባው። አባቱንና ሚስቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ሲያይ እግሩ ደፉ ላይ ተተከለ።

"ምንድን ነው? ማዕዛ ተጣሉ አለችኝ።"

"ተጣልተን ነበር" አለች ኢሊሊ። "አልቋል።"

ሔኖክ ቦርሳውን ሳያወርድ ስልኩ ጮኸ። አየውና ወደ ሚስቱ ቀና አለ። "ሰውዬው ነው፤ የጀሞው። ምን ልበለው?"

ኢሊሊ ሳንቲሟን በጣቶቿ መሀል ታገላብጣለች። ስልኩ ይጮሃል። ጋሽ ሀጎስ "እንደፈለጋችሁ" የሚለው ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ መጥቶ ሲቆም ተሰማቸው። የለመደ ቃል ነው፤ ሊወጣ ነው። ጥርሳቸውን ነከሱ። ዙፋኑን ጥሎ የሄደ ንጉሥ አለ፣ እኔ አንዲት ቃል አፌ ውስጥ ገላብጬ ማውጣት ያቅተኝ? አሉ በልባቸው።

"አትሂዱብኝ" አሉ።

ድምፃቸው እንደ ሌላ ጊዜው ጎላ አላለም፤ እንዲያውም ሔኖክ በደንብ የሰማ አይመስልም። ስለዚህ ደገሙት። "ልጆቼ፣ አትሂዱብኝ። እናታችሁ ከሄደች ወዲህ ይሄ ቤት ሲከብደኝ ነው የኖረው። እናንተ ስትገቡ ነው ሰው የሆንኩት። ብቻዬን አልችልም።"

ሔኖክ አባቱን እንዲህ ሲናገሩ ሰምቶ አያውቅም። ስልኩ መጮሁን አቆመ፣ ደግሞ ጀመረ። ኢሊሊ ናት የተናገረችው።

"ሔኖክ፣ ለሌላ ሰው ያከራየው በለው።" ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች፤ አሁን ዓይን ዓይናቸውን ነው የምታየው። "ግን አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ከእንግዲህ ወዲህ ሲቆጡኝ ዝም ብዬ ክፍሌ አልገባም። እኔም እቆጣለሁ።"

"ተቆጪ!" አሉ ጋሽ ሀጎስ። "ጩኺብኝ፣ ልጄ። እኔ ዝምታውን ነው የምፈራው።"